ክዳኑን ከፍተው ለምን አይወጡም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ታይታን የተባለችው አነስተኛ ሰርጓጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ከነተሳፋሪዎቿ ከጠፋች ወዲህ፣ በትንሽ ሰርጓጅ ውስጥ ሆኖ ከባህር በታች ስለ መቅረት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ሲደርሱን ቆይተዋል። ከእነዚህ መካከል አምስቱን መርጠን በዚህ እትም እንመልሳለን። አንዳንዱ ጥያቄ በጥቂት መስመር የሚመለስ ሲሆን አንዳንዱ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ውኃ ግፊት በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ «ሰርጓጇ ብትበላሽባቸው እንኳ ክዳኑን ከፍተው ዋኝተው ለምን አይወጡም?» ብላ ጠየቀችኝ። ግፊቱ አያስከፍትም ብዬ አለፍሁት፤ መልሴ ግን እኔን ራሴንም አላረካኝም። ነገሩን በቁጥር ቢያስረዱኝ ለክፍሌ እጠቀምበታለሁ።

መልስ፦ ተማሪዎ የጠየቀችው የነገሩን ሥር ነው፤ መልሱም እርስዎ እንዳሉት ግፊቱ ነው። ይሁን እንጂ «ግፊት» የሚለው ቃል ብቻውን የሚገባውን ያህል አያስደነግጥም። ባህር ውስጥ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨመራል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። የሰርጓጇ መግቢያ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ የክዳኑ ስፋት 2,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ተማሪዎችዎ ራሳቸው እንዲያሰሉ ይተዉላቸው፦ 10 ሜትር ብቻ ጠልቃ በቆመች ሰርጓጅ ክዳን ላይ 3 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይጫናል፤ በ100 ሜትር ላይ 29 ቶን ገደማ ይሆናል፤ የታይታኒክ ስብርባሪ ባለበት በ3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ ከ1,000 ቶን ያልፋል። በውስጡ ያለው አየር ግን እኛ ከምድር በላይ ከምንተነፍሰው አየር ጋር እኩል ግፊት ያለው ስለሆነ፣ ክዳኑን ከውስጥ የሚያግዘው ኃይል የለም ማለት ይቻላል።

ክዳኑ ወደ ውጭ እንዲከፈትና ውኃው በተጫነው ቁጥር ይበልጥ እንዲገጥም ተደርጎ የሚሠራውም ሆን ተብሎ ነው። ውኃ እንዳይገባ የሚጠብቃቸው ኃይልና እንዳይወጡ የሚያግዳቸው ኃይል አንድ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ውኃው ራሱ በርግዶት ይገባ ነበር።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነሥቶ «ውኃውን ቀስ በቀስ አስገብተው የውስጡንና የውጭውን ግፊት ቢያስተካክሉስ?» ሊልዎት ይችላል። በትልልቅ የጦር ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጠባብ የማምለጫ ክፍል አለ፤ ባሕርተኛው ልዩ ልብስ ለብሶ ይገባና ክፍሉ በውኃ ሲሞላ ይወጣል። ልብሱ የተሠራውም እስከ 180 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት ነው። አነስተኛ ሰርጓጆች ግን ለእንዲህ ያለ ክፍል ቦታ የላቸውም፤ ሰዎቹ የሚቀመጡበት ሉል ራሱ እግር የማያዘረጋ ነው። ውኃው ወደ እነርሱ ሲገባ አየሩ ይጨመቃል፤ በ100 ሜትር ላይ የሚተነፍሱት አየር ግፊቱ 11 እጥፍ ስለሚሆን ናይትሮጅኑ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ወደ ላይ ሲወጡም በሳንባቸው ያለው አየር እየተለጠጠ ስለሚሄድ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ከዚህ ጥልቀት በታች ስላለው መውጫ መነጋገር ትርጉም የለውም።

ስለ ታይታን አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። የዚያች ሰርጓጅ ክዳን ከውጭ በብሎን የሚታሰር ነበር። ስለዚህ በሰላም ወደ ላይ ብትወጣና በባህሩ ገጽ ላይ ብትንሳፈፍ እንኳ፣ ውጭ ሆኖ የሚፈታላቸው ሰው እስኪደርስ ድረስ በውስጧ ያሉት ሰዎች ሰማይን በመስታወት እያዩ አየር ሊያጥራቸው ይችል ነበር። ለሰው መጓጓዣ የሚሆን ነገር እንዲህ መሠራት አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ታይታን በጠፋችባቸው ቀናት ዜናው ሁሉ «የቀራቸው ኦክስጅን ይህን ያህል ሰዓት ነው» እያለ ሲቆጥር ሰነበተ። በሙያዬ የማውቀው ግን ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ከማለቁ አስቀድሞ በራሱ ትንፋሽ እንደሚመረዝ ነው። በሰርጓጅ ውስጥም እንዲሁ ነው ወይስ ሌላ ሥርዓት አለ?

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ዜናው የቆጠረው ከሁለቱ ቁጥሮች በቀላሉ የሚቆጠረውን ነበር። 96 ሰዓት የተባለው ልክ ሰዎቹ ተረጋግተው፣ መሣሪያው ሁሉ እየሠራ፣ ቅዝቃዜውም ሳያንቀጠቅጣቸው ከቆዩ የሚሆን ግምት ነው። ሦስቱም በአንድነት የሚገኙበት አደጋ ብዙ አይደለም።

ጥቂት ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ብዙ አነስተኛ ሰርጓጆች ሰዎቹን የሚይዙት 2 ሜትር በማይሞላ የብረት ሉል ውስጥ ነው፤ 1.8 ሜትር የሆነ ሉል የሚይዘው 3 ሜትር ኩብ አየር ነው። ብዙም ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ አንድ ሰው በሰዓት ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል ብንል፣ የሁለት ሰዎች ትንፋሽ በየሰዓቱ የዚህን አየር 1.3 በመቶ ያበላሻል። የሚያጣራ ነገር ከሌለ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 3 በመቶ ይደርስና መተንፈስ ይከብዳል፤ በአራተኛው ሰዓት አካባቢ 5 በመቶ ያልፍና ራስ ምታት፣ ማላብና መደናገር ይመጣል። ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሰው ራሱን ይስታል። ሰዎቹ ግራ በሚጋቡበት በዚያ በአራተኛው ሰዓት ላይ ግን ኦክስጅኑ ገና በሕይወት የሚያቆይ ነው። ኦክስጅን ከጠርሙስ ሊጨመር ይችላል፤ የተበላሸው አየር ግን መጽዳት አለበት፤ ስለዚህ የሰርጓጅ ነፍስ ያለችው ከኦክስጅኑ ጠርሙስ ይልቅ አየሩን እየሳበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚመጥ ኬሚካል ላይ በሚያሳልፈው ትንሽ ማራገቢያ ላይ ነው። ለዚህ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድና የመሳሰሉት ኬሚካሎች ያገለግላሉ።

ቅዝቃዜው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የሕክምና ሰው ስለሆኑ በቀላሉ ይረዱታል፤ ሰው ሲንቀጠቀጥ ጡንቻው ይሠራል፣ ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይበላል፣ በዚያው ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የጥልቅ ባህር ውኃ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብቻ ሲሆን ብረቱ ደግሞ ሙቀትን አይዝም። ትንፋሹ በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ልብሱን ያረጥበዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው አንዳንዶቹ መጣጭ ኬሚካሎች በብርድ ሥራቸውን ማቆማቸው ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1973 ጆንሰን ሲ ሊንክ የተባለች ሰርጓጅ አራት ሰዎች ይዛ በፍሎሪዳ፣ ከኪ ዌስት አቅራቢያ፣ ለዓሣ መጠለያነት ሆን ተብሎ በሰጠመ አሮጌ የጦር መርከብ ገመዶች ውስጥ ተጠላልፋ ቀረች። ጥልቀቱ 110 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሰርጓጇ ሁለት ክፍሎች ነበሯት፤ የፊተኛው ወፍራም የአክሪሊክ ሉል ነበርና ሙቀት ያዘ፤ የኋለኛው አሉሚኒየም ስለነበረ እንደ ባህሩ ቀዘቀዘ። በሁለቱም ክፍሎች አየር የሚያጣራ ኬሚካል ነበር። በኋለኛው ክፍል ግን ኬሚካሉ በቅዝቃዜው ምክንያት መምጠጡን ተወ። ሰርጓጇ ከአንድ ቀን በላይ ቆይታ ስትወጣ የፊተኞቹ ሁለት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመርዘው ሞተዋል። ከሟቾቹ አንዱ ሰርጓጇን የነደፈው የኤድዊን ሊንክ ልጅ ነበር፤ ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። በአንድ ጀልባ ውስጥ፣ በአንድ ጥልቀት ላይ፣ ለአንድ ያህል ጊዜ የቆዩ አራት ሰዎችን በሞትና በሕይወት የለያቸው የግድግዳው ዓይነት ነው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት ክረምት የደረሰው ሌላ አደጋ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል። ፓይሰስ ሶስት የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ፣ ሮጀር ቻፕማንና ሮጀር ማሊንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎችን ይዛ፣ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የስልክ ገመድ ትቀብር ነበር። ኦገስት 29 ቀን ጠዋት ሥራዋን ጨርሳ ወደ ላይ ከወጣች በኋላ የመጎተቻው ገመድ የኋለኛውን የመሣሪያ ሉል ክዳን ነቅሎ ጣለው፤ ሉሉ በውኃ ተሞላ፤ ሰርጓጇም በኋላዋ ቁልቁል 480 ሜትር ወርዳ ከባህሩ ወለል ጋር ተጋጨች። ሰዎቹ ከመጋጨቱ በፊት ምላሳቸውን እንዳይነክሱ ጨርቅ በአፋቸው ይዘው ነበር። የነበራቸው የአየር አቅርቦት ለ72 ሰዓት የታሰበ ሲሆን ከዚያ ላይ ስምንት ሰዓት ያህሉን በሥራ አሳልፈውታል።

ከአደጋው በኋላ ባሕርይን መግዛት ምን ያህል እንደሚረዳ ያሳዩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከባዱ አየር ወደ ታች ስለሚያደላ በሉሉ ውስጥ ከፍ ወዳለው ቦታ ወጥተው ተጋደሙ። ማውራት ኦክስጅን ስለሚበላ ዝም አሉ፤ አንዱ ደህና መሆኑን ለሌላው የሚነግረው እጁን ጨበጥ በማድረግ ነበር። ማጣሪያውን የሚያስነሡት በእንቁላል መቀቀያ ሰዓት እየለኩ ነው፤ ጊዜ ለማትረፍም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጥቂት ከፍ እስኪል ይታገሡ ነበር። ለምግብ የነበራቸው አንድ ሳንድዊችና አንድ ጣሳ ሎሚናት ብቻ ነው። ከጥልቁ 76 ሰዓት በኋላ ሲወጡ የቀራቸው ኦክስጅን የ12 ደቂቃ ነበር። ማሊንሰን ከመጥለቃቸው በፊት በከፊል ያለቀውን የኦክስጅን ጠርሙስ በሙሉ ባይቀይረው ኖሮ ያ 12 ደቂቃ አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ ሰርጓጇ የወደቀችበት ቦታ እየታወቀ ሰዎቹን ለማውጣት ቀናት የሚፈጀው ለምንድን ነው? ጠንካራ ገመድ ወርውሮ መሳብ ይህን ያህል ከባድ ነው?

መልስ፦ አዎን፣ እጅግ ከባድ ነው፤ የፓይሰስ ሶስት ሰዎች ያሉበት ቦታ ይታወቅ ነበር፣ በውኃ ውስጥ ስልክም ያነጋግሯቸው ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ሦስት ቀን አልፏል።

መጀመሪያ የሚመጣው ችግር ርቀት ነው። በዚያ ጥልቀት ላይ ሊሠራ የሚችል መሣሪያ በየወደቡ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። እናት መርከቧ እህት ሰርጓጆችን ለመጫን አደጋው ካለበት ቦታ በአየርላንድ ወዳለው ኮርክ ወደብ መመለስ ነበረባት፤ ፓይሰስ ሁለት ከሰሜን ባህር፣ ፓይሰስ አምስት ከካናዳ በአውሮፕላን መጡ፤ ከርቭ ሶስት የተባለው የአሜሪካ ባህር ኃይል ሮቦት ደግሞ ከካሊፎርኒያ ተጫነ። እነዚህ ሁሉ ተሰባስበው ወደ ቦታው እስኪደርሱ ድረስ የአየሩ ሰዓት ይሮጣል።

ሁለተኛው ችግር ማየትና መስማት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በባህር ውኃ ውስጥ ርቆ አይሄድም፤ በመኪና ውስጥ መንገድ የሚመራው ጂፒኤስም ሆነ የእጅ ስልክ በጥልቅ ውስጥ የማይሠሩት ለዚህ ነው። የቀረው ድምፅ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከታይታኒክ ጥልቀት የተላከ ቃል ላይ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል፤ በመንገዱም በሙቀት ልዩነት ይታጠፋል፣ ከወለሉ ይንጸባረቃል፣ ከሌሎች ድምፆች ጋር ይደባለቃል። በታይታን ፍለጋ ጊዜ ከጥልቁ የሰማነው የመንኳኳት ድምፅ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ያ ድምፅ ከሰርጓጇ አልነበረም። ብርሃንም ቢሆን አያግዝም፤ በጠንካራ መብራት እንኳ የሚታየው ጥቂት ሜትር ነው። ፓይሰስ አምስት በታችኛው ጨለማ ውስጥ እህቷን ስትፈልግ ሰዓታት አሳልፋ፣ ያገኘቻት ባትሪዋ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ካገኘቻት በኋላም ገመዱን ማሰር አልቻለችም፤ ለሰዎቹ ግን ከጎናቸው አንድ ብርሃን መኖሩ ብቻውን ዋጋ ነበረው።

ሦስተኛው ማሰር ነው፤ ትዕግሥትን የሚፈታተነውም ይኸው ነው። ገመዱ ከሚንሳፈፍ ነገር የተሠራ ከሆነ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ከባድ ከሆነ ሰርጓጇን ይጫናል። ይህን ሥራ የሚሠራው በመስታወት የሚያይ አንድ አብራሪ በሜካኒካዊ ክንድ ነው። በመጨረሻው ቀን ፓይሰስ ሁለት አንደኛውን ገመድ፣ ከርቭ ሶስት ሌላኛውን በተከፈተው የኋላ ሉል ውስጥ ሰክተው ማውጣቱ ተጀመረ፤ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለችም ሁለት ጊዜ መቆም ግድ ሆነ፤ አንደኛው ሮቦቱ ስለ ተጠላለፈ፣ ሁለተኛው ጠላቂዎች ተጨማሪ ጠንካራ ገመድ እስኪያስሩ ነው። በዚያ በእያንዳንዱ ቆም ባለበት ጊዜ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ሲያስቡ እንደ ነበር መገመት ያዳግታል።

ከፓይሰስ በኋላ 32 ዓመት ቆይቶ በሩሲያ የደረሰውም ይህንኑ ያረጋግጣል። ኦገስት 4 ቀን 2005 ኤኤስ-28 የተባለች ሰርጓጅ ሰባት ሰዎች ይዛ በካምቻትካ የባህር ጠረፍ 190 ሜትር ላይ በዓሣ መረብና በገመድ ተጠመደች። እርሷ ራሷ ከሰጠሙ መርከቦች ሰው ለማዳን የተሠራች ነበረች። ሰዎቹ መብራት አጠፉ፣ የሙቀት ልብስ ለበሱ፣ ተጋድመው ትንፋሻቸውን ቆጠቡ፤ ውኃ የሚጠጡት በጥቂቱ ነበር። ያዳናቸው ከብሪታንያ በአውሮፕላን የተላከ ስኮርፒዮ የሚባል ሰው አልባ መሣሪያ ነው፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ሰርጓጇ ከሦስት ቀን በኋላ በራሷ ተንሳፍፋ ወጣች። ሩሲያ የሌሎችን አገሮች እርዳታ ጠርታ ነበር። ያ ጥሪ ባይደረግ ኖሮ አየሩ አይበቃቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ በታይታን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ብዙ ተሠቃይተው ይሆን? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

መልስ፦ ጥያቄዎ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በቀጥታ እመልስልዎታለሁ። ታይታን በባህሩ ወለል ላይ ታግታ የቆየች ሰርጓጅ አይደለችም። ጁን 18 ቀን 2023 መውረድ ከጀመረች ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት አልፎ፣ ወደ ታይታኒክ ሳትደርስ ግፊቱ ወደ ውስጥ ጨፈለቃት። እንዲህ ያለው መጨፍለቅ የሚፈጸመው በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ነው፤ የሕመም ስሜት ወደ አንጎል ደርሶ ከመታወቁ በፊት ሁሉም ነገር ያበቃል። ፍለጋው እስከ ጁን 22 ሲካሄድና ሰዓቱ ሲቆጠር፣ አምስቱ ሰዎች ቀድሞውኑ ዐርፈው ነበር። ስብርባሪው የተገኘው ከታይታኒክ የፊት ክፍል 500 ሜትር ያህል ርቆ ነው።

የሚያስቆጨው ሌላ ነገር ነው። የሰርጓጇ ዋና ገላ ከካርበን ፋይበር የተሠራ ሲሆን ይህ ቁስ ሲጎተት ብርቱ ቢሆንም ደጋግሞ ሲጨመቅ በውስጡ ከዓይን የተሰወረ መላቀቅ ሊፈጠርበት ይችላል። በ2022 ከጥልቁ ስትመለስ ከፍ ያለ ድምፅ ተሰምቶባት ነበር፤ ከዚያም የብርዱን ወራት ከቤት ውጭ አሳለፈች፤ ገለልተኛ የሆነ የመርከብ መርማሪ ድርጅት ምስክርነትም አልነበራትም። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ቦርድ በኦገስት 2025 ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሊቀር ይችል እንደ ነበር ደምድሟል።

ጥያቄ፦ የባህር ሳይንስ የሚያጠና ልጅ አለኝ። በትምህርቱ ምክንያት በአነስተኛ ሰርጓጅ እንዲጠልቅ ተጋብዟል። ልከለክለው አልፈልግም፤ እናት ነኝና ዝም ብዬ ልልከውም አልችልም። ምን ብሎ ቢጠይቅ ልቤ ያርፋል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ የሚሄድበት ሥራ ትልቅ ሥራ ነው፤ በጥንቃቄ የተሠሩ የምርምር ሰርጓጆች ለአሥርተ ዓመታት ሰዎችን በሺህዎች ሜትር ጥልቀት አውርደው በሰላም መልሰዋል። ይጠይቅ ከተባለ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ኃይሉ ሁሉ ቢጠፋ ሰርጓጇ በራሷ ትወጣለች ወይ ብሎ ነው።

በደንብ የታሰበባት ሰርጓጅ ለመውረድ ክብደት ትሸከማለች፣ ለመውጣት ክብደቱን ትጥላለች፤ ክብደቱን ለመጣል ግን ኤሌክትሪክ የሚያስፈልግ ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1960 ሰዎችን ወደ ዓለም ጥልቁ ስፍራ ያወረደችው ትሪየስት የብረት ፍሬዎቿን የያዘችው በኤሌክትሮ ማግኔት ነበር፤ ኃይሉ ከተቋረጠ ማግኔቱ ይለቃል፣ ብረቱ ይወድቃል፣ እርሷ ትወጣለች። ከዚህ የበለጠ ቀላልና አስተማማኝ ሐሳብ አላውቅም። አንዳንዶቹ ደግሞ ክብደቱን የሚይዙት በጨው ውኃ ውስጥ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ተበልቶ በሚበጠስ ብረት ነው፤ በውስጧ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ቢስቱ እንኳ ሰርጓጇ ትመለሳለች።

ክብደት መጣል ግን ለተጠመደ ሰርጓጅ አይረዳም፤ ጆንሰን ሲ ሊንክንና ኤኤስ-28ን ያሰሯቸው ገመዶች ነበሩ። ስለዚህ ልጅዎ «ክንዱ ወይም ማሽከርከሪያው ቢጠላለፍ ከውስጥ ሆኖ ቆርጦ መጣል ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ወደ አሮጌ መርከብ ስብርባሪ ወይም መረብ ወደሚጣልበት ቦታ የሚወርዱ ከሆነ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ከዚያም ስለ አየሩ ይጠይቅ፦ ስንት ሰዓት እንደሚበቃ ብቻ ሳይሆን ማጣሪያው ባትሪው ካለቀ በምን እንደሚሠራ፣ ኬሚካሉ በብርድ መሥራቱ ተፈትኖ እንደሆነ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው የት እንዳለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሙቀት የሚይዝ ልብስ መኖሩን። በአጭር መርሐ ግብር የሚወርድ ሰው ሹራብ መያዝ ሞኝነት ይመስለው ይሆናል፤ እባክዎ ይያዝ ይበሉት። ኦክስጅን በዝቶ በክፍሉ ሲጠራቀም ትንሽ ብልጭታ እሳት ስለሚያስነሣ የኦክስጅኑም መለኪያ መኖር አለበት።

ሌላው ጥያቄ ስለ ወረቀቱ ነው። ሰርጓጇ እንደ ዲኤንቪ፣ ኤቢኤስ ወይም ሎይድስ ሬጂስተር ባለ ከሠሪው ነጻ በሆነ ድርጅት ተመርምራ ተመስክሮላታል ወይ? ይህን ጥያቄ የሚያጣጥል ሰው ካጋጠመው ልጅዎ ጉዞውን ቢተው እኔ ደስ ይለኛል። በተጨማሪም ክዳኑ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ሞክሮ ይወቅ።

በመጨረሻም በጥያቄዎ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። ሰዎች የሚፈሩት ጥልቁን ነው፤ ከላይ እንዳየነው ግን ፓይሰስ ሶስት የሰጠመችው ሥራዋን ጨርሳ በባህሩ ገጽ ላይ ሳለች ነው። አልቪን የተባለችው ታዋቂ የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅም በኦክቶበር 1968 ክዳኗ ገና ሳይዘጋ፣ ከመርከብ ስትወርድ የያዛት የብረት ገመድ ተበጥሶ 1,500 ሜትር ሰጥማለች፤ ሦስቱ ሰዎች በጭንቅ ዘልለው አመለጡ። ስለዚህ ልጅዎ ሰርጓጇን ከመርከቧ የሚያወርደውና የሚያነሣው ገመድ መቼ እንደተመረመረ፣ ማዕበሉ ምን ያህል ሲሆን ጉዞው እንደሚሰረዝ፣ ይህንም የሚወስነው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ተመልሶ ሲመጣም ሰርጓጇ በመርከቧ ወለል ላይ በደንብ ታስራ ቁጥጥሩ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ አይነሣ።